ስንኝ ሞልቶ ምት ሲጎድል፦ ግጥምን ከጭብጨባና ከከበሮ ጋር የማስማማት ዝርዝር መመሪያ

በጎጃም የጥር ሠርግ ሲቃረብ ግጥም የማይሞክር ወጣት የለም ማለት ይቻላል። ሚዜው ለሙሽራው ይጽፋል፤ የትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ለበዓል ይጽፋል፤ ደብረ ማርቆስም ሆነ ቢቸና፣ ሞጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም ነገሩ ያው ነው። አብዛኛው ግጥም ወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። ከበሮው ሲመታ ግን አንዱ ቃል ይንጠለጠላል፣ አንዱ ይዋጣል፣ አቀንቃኙ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ተቀባዮቹም የት ላይ እንደሚገቡ ይጠፋቸዋል። ያኔ ከበሮ መቺው ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የገጣሚው ነው፤ ቀለም፣ ማለትም በአንድ የድምፅ ግፊት የሚወጣውን፣ ቆጥሮ ምት ሳይቆጥር ቀርቷል።

ከዚህ በታች ያለው ሁለት መስመር ግጥም ከወረቀት ተነሥቶ በጭብጨባ እስኪዘፈን ድረስ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል።

በሙዚቃ ምቶች እኩል ክብደት የላቸውም። በ2/4፣ ማለትም በአንድ ዙር ሁለት ምት ሲቆጠር፣ የመጀመሪያው ምት ጠንካራ፣ ሁለተኛው ደካማ ነው። በ3/4 አንድ ጠንካራን ሁለት ደካሞች ይከተሉታል። በ4/4 አንደኛው ይጠነክራል፣ ሦስተኛው መካከለኛ ነው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ይላላሉ። በ6/8 ስድስቱ ምቶች በሦስት በሦስት ይከፈላሉ፤ ክብደቱም አንደኛውና አራተኛው ላይ ያርፋል። የእንግሊዝኛ ግጥም ይህን ክብደት ከቃሉ ከራሱ ያገኘዋል፤ እያንዳንዱ ረዘም ያለ ቃል ድምፅ የሚጠነክርበት የታወቀ ቦታ አለው። ኢያምብ የሚባለው ደካማ ቀድሞ ጠንካራ ሲከተል ነው፤ ትሮኪ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዳክቲል አንድ ጠንካራና ሁለት ደካማ ነው። አምስት ኢያምብ ሲደረደር አሥር ቀለም ያለው መስመር ይሆናል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ደግሞ በጥንካሬ ሳይሆን በርዝመት ይለኩ ነበር።

የአማርኛ ግጥም በዚህ መንገድ አይሄድም። በአማርኛ የቃል ድምፅ የሚጠነክርበት ቦታ ስስ ነው፤ ትርጉምም አይለይም። ግጥማችን የቆመው በቀለም ቁጥር፣ በመካከል ማረፊያና በቤት መምቻ (በመስመሮቹ መጨረሻ በሚመሳሰለው ድምፅ) ላይ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ኢያምብ ልጻፍ ብሎ የሚለፋ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ቀለሙን ግጥሙ ይሰጣል፤ ጠንካራውን ምት ዜማው ይሰጣል። የእኛ ሥራ ሁለቱ ተገቢው ፊደል ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በአካባቢያችሁ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ካለ ከሙዚቀኛው በፊት እርሱን አማክሩ። የግዕዝ ንባብ ሲማር ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እያለ ድምፅ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ በጆሮው አጥንቷል። እንደ ዲማ፣ ዋሸራና ጎንጅ ባሉት የቅኔ ቤቶችም ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ምሥጢሩ የቱንም ያህል ቢጠልቅ ዜማ ልኩን ያልጠበቀ ቅኔ ተቀባይነት የለውም። እንዲህ ያለ ጆሮ በገንዘብ አይገዛም።

1. ቀለምን በአፍ ቁጠሩ

ቀለም ማለት በአንድ የድምፅ ግፊት የሚወጣው ነው። ፊደል ከቀለም ጋር እኩል የሚሆነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ የሚያስቸግረውም ሳድስ ነው። ‹ልብስ› እና ‹ምድር› ሁለቱም ሦስት ሳድስ ፊደላት አሏቸው። ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ‹ልብስ› በአንድ ግፊት ያልቃል፤ ‹ምድር› ግን ‹ም-ድር› ብሎ ሁለት ይሆናል። አሁን ‹ልብሱ› እና ‹ምድሩ› በሉ፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ቀለም ሆኑ። ‹ልብስ› አንድ ቀለም ሲጨምር ‹ምድር› ምንም አልጨመረም። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም።

ቀላሉ ዘዴ ቃሉን ‹ላ› በሚል ድምፅ መተካት ነው። ‹ግጥም› ላ-ላ፣ ‹ብርሃን› ላ-ላ፣ ‹ደብረ ማርቆስ› ላ-ላ-ላ-ላ። ስንት ‹ላ› እንደወጣ በጣት ያዙ።

ለመለማመጃ የሚከተለውን ስንኝ እንውሰድ፦

ጮቄ ላይ ደመና፥ ሲጠቁር ቢታየኝ፣
ገበሬው ሞፈሩን፥ በኩራት አሳየኝ።

የመጀመሪያው መስመር 15 ፊደል አለው፤ ሁለተኛው 16። በዓይን የሚቆጥር ሰው ‹አንድ ተረፈ› ብሎ ሊቆርጥ ይነሣል። በአፍ ሲቆጠር ግን ጮ-ቄ-ላይ-ደ-መ-ና ስድስት፣ ሲ-ጠ-ቁር-ቢ-ታ-የኝ ስድስት፤ ገ-በ-ሬው-ሞ-ፈ-ሩን ስድስት፣ በ-ኩ-ራት-አ-ሳ-የኝ ስድስት። ሁለቱም መስመሮች 12 ቀለም ናቸው፤ የሚቆረጥ የለም።

አናባቢ ከአናባቢ ሲገናኝ አንዱ እንደሚዋጥ አትርሱ። ‹የዓመት› ሲዘፈን ‹ያመት› ይሆናል፤ ‹ከዓባይ›ም ‹ካባይ›። ወረቀቱ ላይ ምንም ይጻፍ፣ ቁጥሩ የሚያዘው በሚዘፈነው ነው።

2. ቤቱን ምረጡ

አራቱን የተለመዱ ልኮች ማወቅ ለጀማሪ ይበቃል። ቡሄ በሉ በአራት በአራት ቀለም ይሄዳል፦

ጅራፍ ጮኸ፥ በተራራ፣
ልጆች ወጡ፥ በየተራ።

ይህ በ2/4 ወይም በ4/4 ያለ ምንም ችግር ይገጥማል፤ ለልጆችና ለቅብብሎሽ የሚሆነው ይህ ነው። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ነው፦

ጤፉ ሲወቃ፥ ሲሞቅ አውድማ፣
ጎረቤት መጣ፥ ዘፈን ሊሰማ።

የወል ቤት ከላይ ያየነው ስድስት በስድስት ነው። አራተኛው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው ስምንት በስምንት ነው። ይህ ለመድረክ ንባብ ግርማ አለው፤ ለሠርግ ዘፈን ግን አልመክረውም፤ ተቀባዩ ትንፋሽ ያጥረዋል።

በ6/8 ለሚዘፈን የመጀመሪያ ሥራ እኔ የምመርጠው ሰንጎ መገንን ነው። ለምን እንደሆነ አምስተኛው ደረጃ ላይ ይታያል።

3. የሚጠብቁትን ፊደላት ምልክት አድርጉባቸው

በአማርኛ ለጠንካራ ምት የሚስማማው ክብደት የሚገኘው ከጥብቀት ነው። ግጥሙን በእርሳስ ቀስ ብላችሁ እያነበባችሁ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አኑሩ። በእኛ ስንኝ ‹ደመና› ውስጥ መ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ስናወጣው ‹ደም-መና› ነው። ‹ቢታየኝ› ውስጥ ታም የም ይጠብቃሉ፦ ‹ቢት-ታይ-የኝ›። ‹አሳየኝ› ደግሞ ‹አ-ሳይ-የኝ› ነው። ልብ በሉ፤ የሚጠብቀው ፊደል ከፊቱ ያለውን ቀለም ይዘጋዋል፤ የተዘጋው ቀለም ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ክብደቱ ያለው ‹ደም›፣ ‹ቢት›፣ ‹ታይ› እና ‹ሳይ› ላይ ነው።

ይህን ደረጃ የዘለለ ትርጉም ሊያበላሽ ይችላል። ‹ጎረቤት መጣ፥ ዘፈን ሊሰማ› በሚለው ውስጥ ሰ እና መ ላልተው ከተዘፈኑ ጎረቤት የመጣው ዘፈኑን ለመስማት ነው። አቀንቃኙ ምት ለማሟላት ብሎ ሁለቱን ቢያጠብቃቸው ግን የሚሰማው ዘፈኑ ራሱ ይሆናል፤ ጎረቤቱ ለምን እንደመጣም አይታወቅም። ምት ለማሟላት ብሎ ጥብቀት መጨመርም መቀነስም አይፈቀድም። የሚስተካከለው ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

4. ጭብጨባውን ያለ ቃል አጽኑ

ቃሉን አስቀምጡት። ከአንድ እስከ ስድስት በእኩል ፍጥነት እየቆጠራችሁ ‹አንድ› እና ‹አራት› ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ስልክ ላይ ሜትሮኖም (ምት በእኩል ፍጥነት የሚቆጥር መሣሪያ) ካለ ጭብጨባው በደቂቃ 60 እንዲሆን አድርጉት። ይህ ፍጥነት ለሠርግ ዘገምተኛ ነው፤ ለልምምድ ግን ልክ ነው። ጭብጨባው ሳይጸና ቃል መጨመር ቀንበር ላልለመደ ወይፈን ሞፈር እንደመጫን ነው።

እዚህ ላይ ቡድኖች የሚቸኩሉበት ምክንያት ይገባኛል፤ ማጨብጨብ ሥራ አይመስልም። ነገር ግን አቀንቃኙ ዝም ብሎ፣ ተቀባዮቹ ብቻ እያጨበጨቡ ፍጥነቱ ካልተለወጠ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው ማለፍ ያለባችሁ።

5. ቃሉን ምቱ ላይ አኑሩ

ከሁሉ የሚከብደውና የሚጣፍጠውም ይህ ነው። በመጀመሪያ እንዲሁ በቅደም ተከተል ደርድሩት፦

(1) ጮ (2) ቄ (3) ላይ (4) ደም (5) መ (6) ና

ግሩም ነው። አንደኛው ላይ የተራራው ስም መነሻ፣ አራተኛው ላይ በጥብቀት የከበደው ‹ደም› አርፏል። ‹ገበሬው ሞፈሩን›ም እንዲሁ ነው፤ ገ እና ሞ የቃል መነሻዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጭብጨባው ላይ ይወድቃሉ። አሁን ሁለተኛውን ሐረግ በዚያው መንገድ ሞክሩት፦

(1) ሲ (2) ጠ (3) ቁር (4) ቢት (5) ታይ (6) የኝ

ዘፍናችሁ ስሙት። ጭብጨባው የወደቀው ‹ሲ› እና ‹ቢ› ላይ ነው፤ ሁለቱም ከግሱ ፊት የተለጠፉ ቅጥያዎች ናቸው። የሚጠቁረውና የሚታየው ነገር በደካማው ምት ተዋጠ። የሁለተኛው መስመር ‹በኩራት አሳየኝ› ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ጠንካራው ምት ‹በ› ላይ ይወድቅና ኩራቱ ይቀራል። ጆሮ ‹አንድ ነገር ተዛብቷል› የሚለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ቀለሙ ግን አንድም አልጎደለም።

መፍትሔው ቃል መለወጥ ሳይሆን ቀድሞ መግባት ነው። ቅጥያውን ከጭብጨባው በፊት፣ በቀዳሚው ስድስተኛ ምት ላይ አውጡት፤ ሥሩ ጭብጨባው ላይ ይረፍ፦

(6) ሲ፥ (1) ጠ (2) ቁር (3) ቢት (4) ታይ (5) የኝ

(6) በ፥ (1) ኩ (2) ራ (3) ታ (4) ሳይ (5) የኝ

በሁለተኛው ላይ ‹ኩራት› እና ‹አሳየኝ› ተያይዘው ት ከአ ጋር ‹ታ› እንደሆኑ አስተውሉ፤ ሲዘፈን የሚሆነው ይኸው ነው። አሁን ጠንካራዎቹ ምቶች ጠ እና ታይ፣ ኩ እና ሳይ ላይ ናቸው። ታይ እና ሳይ በየመስመራቸው አራተኛ ምት ላይ በመግጠማቸው ቤት መምቻው ራሱ ጭብጨባ አገኘ። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቀውም ቤቱ ሲመታ ይሰማዋል።

ይህ ደካማ ቀለምን አስቀድሞ በጠንካራው ላይ የማረፍ ነገር ከኢያምብ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ፣ እንግሊዝኛው ከቃሉ ያገኘውን እኛ ከአገባባችን ማግኘታችን ነው። ለዚህም ነው ያው ግጥም በአንዱ አዝማሪ አፍ ሕይወት ዘርቶ በሌላው የሚሞተው።

ሰንጎ መገን ለምን እንደሚቀል ደግሞ አሁን ይታያል። ‹ጤ-ፉ-ሲው-ወቅ-ቃ› ሲደረደር አራተኛው ምት ላይ የሚወድቀው ‹ወቅ› ነው፤ የግሱ ሥርም ነው፣ የከበደም ነው። ‹ጎ-ረ-ቤት-መጥ-ጣ›ም አራተኛው ላይ ‹መጥ› ይላል። አምስት ቀለም ስለሆነም ስድስተኛው ምት ባዶ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ሐረግ ቅጥያ እዚያ ይገባል። ‹ሲሞቅ አውድማ› የሚለው ‹ሲ›ን በባዶው ምት ይዞ ‹ሞ› ላይ ያርፋል።

6. ለማረፊያው ቦታ ስጡት

የወል ቤት ስድስቱን ምት ሙሉ በሙሉ ስለሚይዝ ‹ና› ካለ በኋላ ‹ሲ› የሚገባበት ባዶ ምት የለም። ስለዚህ አንዱን መስመር እያንዳንዱ ስድስት ምት ባለው በአራት ክፍል አድርጉት። በመጀመሪያው ክፍል ‹ጮቄ ላይ ደመና›፤ በሁለተኛው ‹ና› እየረዘመ ማሲንቆው ይመልሳል፣ መጨረሻው ላይ ‹ሲ› ይገባል፤ በሦስተኛው ‹ጠቁር ቢታየኝ›፤ በአራተኛው ደግሞ ማሲንቆ ወይም ተቀባይ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ስምንት ክፍል ይሞላሉ። አቀንቃኙ ይተነፍሳል፤ አድማጩም የሰማውን ያጣጥማል።

ማረፊያው ቃል መካከል እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ቀለሙ ስድስት በስድስት ቢሆንም ስድስተኛው ቀለም የአንድ ቃል ወገብ ከሆነ ዜማው ቃሉን ለሁለት ይሰብረዋል። እንዲህ ያለውን ስንኝ እንደገና ጻፉት፤ በአዘፋፈን አይድንም።

7. ከበሮውን ጨምሩ

ከበሮ ሁለት ገጽ አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ለመነሻ ወፍራሙን አንደኛው ምት ላይ፣ ቀጭኑን አራተኛው ላይ አድርጉ፤ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ቃሉ ከዚህ ጋር ተስማምቶ ከሄደ በኋላ መቺው በመካከል እየጨመረ ሊያስጊጥ ይችላል። መቺው ሆን ብሎ ደካማውን ምት ሲያጎላ ጨዋታው ይሞቃል፤ ይህ ግን የሚያምረው ጠንካራው ምት በጭብጨባ ተይዞ ሲቆይ ነው። ጭብጨባውም ከበሮውም አንድ ላይ ከሸሹ እስክስታ ወራጁ ትከሻውን የት ላይ እንደሚጥል ይጠፋዋል።

8. ረጅም ድምፅ ለሚሸከም ፊደል ስጡ

ሳድስ ረጅም ድምፅ አይችልም። ‹ብርሃን› የሚለውን ‹ር› ላይ ለማስረዘም የሚሞክር ዘፋኝ ሳይወድ በግዱ ‹ብሪሃን› ይላል። የሚረዝመው ‹ሃ› ነው። ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ድምፅን ይሸከማሉ፤ ስለዚህ ዜማው ከፍ ብሎ የሚቆይበት ቦታ ላይ ‹ና›፣ ‹ሬ›፣ ‹ጮ› ዓይነት ፊደል እንዲወድቅ አድርጉ። በዚህ በኩል ‹ተራራ› እና ‹በየተራ› ከ‹ቢታየኝ› እና ‹አሳየኝ› ይሻላሉ፤ ‹የኝ› ስትረዝም ‹የ›ን ይዛችሁ ‹ኝ›ን መጨረሻ ላይ ብቻ መዝጋት አለባችሁ፤ አለበለዚያ ድምፁ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል።

9. የጎደለውንና የተረፈውን አስተካክሉ

ቀለም ሲጎድል ብዙዎች ‹እኮ›፣ ‹ደግሞ›፣ ‹አሃ› እያሉ ይደፍኑታል። አዝማሪ ‹ተቀበል!› ተብሎ ያልጠበቀው ስንኝ ሲወረወርለት እንዲህ ቢያደርግ ያምርበታል፤ ለእርሱ ጊዜ የለውም። ቁጭ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ግን ስንፍና ነው። ‹ጮቄ ደመና› ብላችሁ አንድ ቀለም ቢጎድል ‹ጮ›ን ለሁለት ምት አቆዩት፦ (1-2) ጮ (3) ቄ (4) ደም (5) መ (6) ና። የሚረዝመው ጠንካራው ምት ላይ ያለው ይሁን፤ ደካማውን ማስረዘም ዜማውን ያንገዳግዳል።

ሲተርፍ ግን ያለ ርኅራኄ ቁረጡ። ‹ገበሬዎች ሞፈራቸውን› ዘጠኝ ቀለም ነው። በፍጥነት እናወጣዋለን ብላችሁ አትሞክሩ፤ ጥብቀቱ ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ቁጥርና ‹-ቸው› በግጥም ውስጥ ቦታ ይበላሉ፤ አንድ ገበሬ አገሩን ሁሉ ሊወክል ይችላል።

ቀረርቶና ሽለላ ሲሆን ይህ ሁሉ የጭብጨባ ሕግ ይላላል። ድምፁ በነፃ ይረዝማል፤ የሚያስጨበጭብ ቋሚ ምት የለም። ቀለሙና ማረፊያው ግን አይለወጡም፤ ጠንካራው ቦታም ቤት መምቻው ላይ ይሰበሰባል። ከቀረርቶ ወደ ዘፈን የምትሸጋገሩ ከሆነ የመጨረሻውን ቤት መምቻ አስረዝማችሁ ያዙ፤ ጭብጨባው ከተጀመረ በኋላ ሁለት ጊዜ ከአንድ እስከ ስድስት በልባችሁ ቁጠሩና ግቡ።

10. ቅዱት፣ ፍጥነቱንም በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ

ሁለት ቅጂ በስልክ ያዙ፤ አንዱ ግጥሙ ያለ ዜማ ሲነበብ፣ ሌላው በምት ሲዘፈን። ግጥሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የተዘፈነውን አሰሙትና የሰማውን እንዲጽፍ አድርጉ። ‹በኩራት›ን ‹ኩራት› ብሎ ቢጽፍ ‹በ› ከጭብጨባው በፊት በደንብ አልወጣችም ማለት ነው። ‹ደመና›ን አላልቶ ቢያነበው አራተኛውን ምት አልሞላችሁትም። የቀረውን ከንባቡ ቅጂ ጋር አስተያዩ።

ከዚያ ሜትሮኖሙን ከ60 ወደ 70፣ ከ70 ወደ 80 አሳድጉት። ፍጥነት ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠፋው ጥብቀት ነው፤ ‹ቢታየኝ› ወደ ‹ቢተየኝ› ሲንሸራተት ከሰማችሁ ቁጥሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ።